ከአፕዴት በኋላ ዋይፋይ ሲጠፋ፦ ጥፋቱ የካርዱ ነው ወይስ የድራይቨሩ?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (ኦክቶበር 14 ቀን 2025) ካቆመ ወዲህ፣ ለዓመታት ሳይነኩ የቆዩ ላፕቶፖች ወደ ዊንዶውስ 11 እየተሸጋገሩ ነው። ከሽግግሩ ጋር አንድ ቅሬታ አብሮ ይሰማል። ኮምፒውተሩ ተነስቷል፣ ፋይሉም በቦታው ነው፤ የዋይፋይ ምልክቱ ግን የለም። ማብራሪያው ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ነው፦ «አፕዴቱ ካርዱን አቃጠለው» ወይም «ፎርማት ይደረግ»። የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ነው። ሁለተኛው አንዳንዴ ይሠራል፤ ግን ለምን እንደሠራ ስለማይታወቅ በሚቀጥለው አፕዴት ችግሩ ተመልሶ ይመጣል።

ዋይፋይ እንዲሠራ ቢያንስ አራት ነገሮች መስማማት አለባቸው፦ ካርዱ (ላፕቶፑ ውስጥ ሆኖ የዋይፋይ ሞገድ የሚቀበለውና የሚልከው ክፍል)፣ በካርዱ ውስጥ የሚሠራው ፈርምዌር፣ ድራይቨሩ፣ ከድራይቨሩ በላይ ያለው የዊንዶውስ የኔትወርክ ክፍል። የትኛው እንደተናጋ ዊንዶውስ ራሱ በቁጥር ይናገራል፤ ቁጥሩን ሳያነቡ መጠገን ግምት ነው። (የሜኑ ስሞች እዚህ በሚነበቡበት ድምፅ በፊደላችን ተጽፈዋል፤ ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ ይታያሉ።)

አፕዴት ድራይቨርን እንዴት ያናጋዋል

ድራይቨር በኦፐሬቲንግ ሲስተሙና በአንድ መሣሪያ መካከል የሚቆም አስተርጓሚ ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ «ተገናኝ» ሲል የካርዱ ቺፕ በሚገባው መንገድ የሚያደርሰው እሱ ነው። ፈርምዌር ደግሞ ቺፑ ውስጥ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ሲሆን፣ በአብዛኞቹ የዛሬ ካርዶች ላይ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ወደ ቺፑ የሚጭነው ድራይቨሩ ነው። ስለዚህ ድራይቨር ሲለወጥ ብዙ ጊዜ ፈርምዌሩም አብሮ ይለወጣል።

አስተርጓሚው የሚሠራበት ደንብ በየጊዜው ይታደሳል። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው የዋይፋይ ድራይቨር አሠራር በዊንዶውስ 10 ሌላ ተተኪ አገኘ፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ዋይፋይ ሲኤክስ የሚባል ሦስተኛ አመጣ። የቆየው ደንብ ወዲያው አልተጣለም። ሆኖም አምራቹ ለአሮጌ ካርድ አዲስ ድራይቨር ማውጣቱን ካቆመ፣ አዲሱ ዊንዶውስ የሚያገኘው ለቀደመው ዘመን የተጻፈውን ብቻ ነው። አንዳንዴ ይስማማሉ። አንዳንዴ ካርዱ ይነሳና ላፕቶፑ ተኝቶ ሲነቃ ይወድቃል።

ሁለተኛው ምክንያት የምርጫ ጉዳይ ነው። ዊንዶውስ ለአንድ መሣሪያ ከአንድ በላይ ድራይቨር ሲያገኝ መጀመሪያ ዲጂታል ፊርማውን (ከታመነ ምንጭ መምጣቱን የሚያሳይ ማረጋገጫ) እና ከመሣሪያው መለያ ጋር ያለውን ቅርበት ያያል። በዚህ እኩል ከሆኑ ቀኑ የቀረበውን ይወስዳል፤ የቨርዥን ቁጥሩን የሚመለከተው ቀኑም እኩል ሲሆን ነው። «በዚህ ላፕቶፕ ላይ በደንብ ይሠራ የነበረው የቱ ነው?» የሚል ጥያቄ በዚህ ሚዛን ውስጥ የለም። ተጠቃሚው በእጁ የመለሰው አሮጌ ድራይቨር ከሳምንት በኋላ በአዲሱ ተተክቶ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ቁጥሩ ምን ይላል

ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ቀላል ነገር አለ። ዊንዶውስ ሲዘጋ በእርግጥ አይዘጋም፤ «ፋስት ስታርትአፕ» የተባለው አሠራር የሲስተሙን እምብርት ዲስክ ላይ አስቀምጦ በማግስቱ ከዚያው ይቀጥላል። የተበላሸ የድራይቨር ሁኔታም አብሮ ያድራል። ስለዚህ «ሻት ዳውን» ሳይሆን «ሪስታርት» ማድረግ፤ ካልረዳ የ«ሺፍት» ቁልፍን ይዞ መዝጋት፣ ቻርጀሩን መንቀል፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ማውጣት፣ ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ 30 ሰከንድ ያህል ተጭኖ ማቆየት። ካርዱ ላይ የቀረው ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ ቺፑ ከዜሮ ይነሳል። ከዝርዝሩ ጭራሽ የጠፋ ካርድ በዚህ ብቻ ሲመለስ ማየት የተለመደ ነው።

አሁንም ከሌለ የ«ስታርት» ምልክቱን በቀኝ ተጭኖ «ዲቫይስ ማናጀር»ን መክፈት፣ «ኔትወርክ አዳፕተርስ» የሚለውን መዘርጋት ነው። ሦስት ዓይነት እይታ ይኖራል።

ካርዱ በስሙ ካለና ምንም ምልክት ከሌለበት፣ ድራይቨሩ ተነስቷል ማለት ነው፤ ጥፋቱ ከእሱ በላይ ነው። «ሰርቪስስ» ውስጥ «ደብልዩላን አውቶኮንፊግ» የሚባለው አገልግሎት መሥራቱን፣ የአውሮፕላን ሞድ አለመብራቱን ማየት ይበቃል። ካርዱ ኔትወርክ እያየ በየደቂቃው የሚቆረጥ ከሆነ ደግሞ ካርዱን በሁለት ጠቅታ ከፍቶ «ፓወር ማኔጅመንት» የሚለው ገጽ ካለ፣ ኃይል ለመቆጠብ መሣሪያውን ማጥፋት የሚፈቅደውን ምልክት ማንሳት። አፕዴት ይህን ቅንብር ወደ ነበረበት የመመለስ ልማድ አለው።

ካርዱ ካለና ቢጫ ምልክት ካለበት፣ በሁለት ጠቅታ ሲከፈት «ጄኔራል» በሚለው ገጽ ላይ ኮድ ይታያል። ኮድ 28 ድራይቨር አልተጫነም ማለት ነው፤ ካርዱ ብዙ ጊዜ ከቦታው ወጥቶ «አዘር ዲቫይስስ» ሥር «ኔትወርክ ኮንትሮለር» በሚል ስም ይቀመጣል። ከሁሉም ቀላሉ ይህ ነው። ኮድ 10 ድራይቨሩ ተጭኖ ካርዱን ማስነሳት አቃተው ማለት ሲሆን፣ የማይስማማ ቨርዥን ወይም ቀድሞ የተጠቀሰው የኃይል ችግር ዋናዎቹ ተጠርጣሪዎች ናቸው። ኮድ 43 ካርዱ ራሱ ችግር ሪፖርት ስላደረገ ዊንዶውስ አስቆመው ይላል፤ የሀርድዌር ብልሽት ሊሆን የሚችልበት ዕድል ከሌሎቹ ይልቅ እዚህ ይበልጣል። ኮድ 52 የድራይቨሩ ዲጂታል ፊርማ አልተረጋገጠም ማለት ነው፤ ከማይታወቅ ምንጭ የወረደ ድራይቨር ሲጫን የሚመጣው ይህ ነው። ኮድ 22 ካርዱ ተዘግቷል ማለት ብቻ ነው፤ በቀኝ ተጭኖ «ኢኔብል» ማለት ይበቃዋል።

ኮድ 39 ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ድራይቨሩ አለ፣ ግን ሊጫን አልቻለም። ፋይሉ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ከዊንዶውስ 11 በኋላ ግን ሌላ ምክንያት ጎልቷል፦ «ሜሞሪ ኢንተግሪቲ» የተባለው ጥበቃ። ወደ ሲስተሙ እምብርት የሚገባ ማንኛውም ድራይቨር የተወሰነ ደንብ እንዲያሟላ ያስገድዳል፣ ያላሟላውን በር ላይ ያስቀራል። «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ውስጥ «ዲቫይስ ሴኩሪቲ»፣ ከዚያ «ኮር አይሶሌሽን» ሲከፈት፣ የማይስማሙት ድራይቨሮች በስም ይዘረዘራሉ። ብዙ መመሪያዎች ጥበቃውን አጥፉት ብለው ያልፋሉ። ለፍተሻ ያህል ለአምስት ደቂቃ ማጥፋት ያስኬዳል፤ ጠፍቶ እንዲቀር መተው ግን ለአንድ ዋይፋይ ሲባል የቤቱን በር ነቅሎ ማስቀመጥ ነው። ትክክለኛው መፍትሔ የታደሰ ድራይቨር ነው፤ ከሌለ ካርድ መቀየር።

ሦስተኛው እይታ ካርዱ የትም አለመታየቱ ነው። «ቪው» ከሚለው ሜኑ «ሾው ሂደን ዲቫይስስ» ሲመረጥ ደብዝዞ ብቅ ካለና ኮድ 45 ካሳየ፣ ዊንዶውስ ካርዱን ያውቀዋል፣ አሁን ግን ተገናኝቶ አላገኘውም። የኃይል መልቀቂያው ካልመለሰው ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የላፕቶፑ መሠረታዊ ፕሮግራም) ውስጥ ዋየርለስ ተዘግቶ እንደሆነ ማየት ነው። አፕዴት ሲመጣ አንዳንድ ላፕቶፖች የባዮስ አፕዴትም አብረው ስለሚጭኑ ቅንብሩ ሊለወጥ ይችላል።

ኢንተርኔት ሳይኖር ኢንተርኔት ማምጣት

ድራይቨር ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ድራይቨሩ ያስፈልጋል። ይህን ቋጠሮ የሚፈታው የስልክ ኬብል ነው። አንድሮይድ ስልክ በዩኤስቢ ተገናኝቶ በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» ሲከፈት፣ ዊንዶውስ ስልኩን እንደ ኬብል ኔትወርክ ያየዋል፤ የሚያስፈልገው ድራይቨር ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ ስለሚመጣ የሚጫን ነገር የለም። ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ፦ ስልኩ በዚያ ሰዓት ከቤት ወይም ከቢሮ ዋይፋይ ጋር የተገናኘ ከሆነ፣ አብዛኞቹ አንድሮይዶች በኬብሉ የሚያስተላልፉት ያንኑ ዋይፋይ ነው። የሞባይል ዳታው አይነካም። አይፎን ግን ኮምፒውተሩ ላይ የአፕል ድራይቨር ስለሚፈልግ በዚህ ሰዓት ብዙም አይረዳም።

በሞባይል ዳታ መጠቀም ግድ ከሆነ መጀመሪያ መደረግ ያለበት ግንኙነቱን «ሜተርድ» (በመጠን የሚቆጠር) ብሎ መሰየም ነው፤ በሴቲንግ ውስጥ በኔትወርኩ ፕሮፐርቲስ ላይ ይገኛል። አለበለዚያ ዊንዶውስ ኢንተርኔት ያገኘ መስሎት የቆዩ አፕዴቶችን ሁሉ መጫን ይጀምራል፣ ጥቅሉም በደቂቃዎች ያልቃል። ግን ይህ ቅንብር የራሱ ጣጣ አለው። በሜተርድ ግንኙነት ላይ ዊንዶውስ ድራይቨር በራሱ አያወርድም፤ «ብሉቱዝ ኤንድ ዲቫይስስ» ገጽ ላይ ለብቻው ካልተፈቀደለት በስተቀር። ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙዎች በሞባይል ጥቅል ስለሚጠቀሙ ይህ ቅንብር ለዓመታት በርቶ ይቆያል፣ ላፕቶፑም ሲገዛ የነበረውን ድራይቨር ይዞ ይኖራል። ትልቁ አፕዴት ሲመጣ የሚወድቀውም ያ ያረጀ ድራይቨር ነው።

የቱ ድራይቨር?

በላፕቶፑ ሞዴል ስም ብቻ መፈለግ ያሳስታል፤ አንድ ሞዴል ከሁለትና ከሦስት ዓይነት የዋይፋይ ካርድ ጋር ይሸጣል። አስተማማኙ የካርዱ መለያ ነው። በዲቫይስ ማናጀር ካርዱን ከፍቶ «ዲቴይልስ» ውስጥ «ሀርድዌር አይዲስ» ሲመረጥ አንድ ረጅም መስመር ይወጣል። የመጀመሪያው ቁጥር አምራቹን ይነግራል፦ 8086 ኢንቴል፣ 10ኢሲ ሪልቴክ፣ 168ሲ አቴሮስ (ዛሬ የኳልኮም ነው)፣ 14ኢ4 ብሮድኮም፣ 14ሲ3 ሚዲያቴክ። ሁለተኛው ቁጥር ቺፑን ይለያል።

ከየት ይውረድ በሚለው ላይ ባለሙያዎች ይከራከራሉ። የላፕቶፑ አምራች፣ ዴልም ሆነ ኤችፒ ወይም ሌኖቮ፣ የሚያቀርበው ድራይቨር ለዚያ ማሽን አንቴናና የኃይል አጠቃቀም ተስተካክሎ የተፈተሸ ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ ያረጀ ነው። የቺፑ አምራች የሚያቀርበው አዲስ ነው፣ ግን ጠቅላላ ነው። ሚዛኑ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ የላፕቶፑ አምራች ለዊንዶውስ 11 ያወጣው ካለ እሱ ይቅደም፤ ካቆመ፣ ኢንቴል ለሆነ ካርድ ወደ ኢንቴል መሄድ። ሪልቴክና ሚዲያቴክ የላፕቶፕ ካርዶቻቸውን ድራይቨር በአብዛኛው በላፕቶፕ አምራቾች በኩል ስለሚያሰራጩ፣ ለእነሱ የማይክሮሶፍት አፕዴት ካታሎግ የተባለው ድረ ገጽ ይሻላል። የካርዱ መለያ እዚያ ሲፈለግ የሚወርደው የታሸገ የካብ ፋይል ነው። ፈትቶ ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ፣ ከዚያ «አፕዴት ድራይቨር» ብሎ «ብራውዝ ማይ ኮምፒውተር» በሚለው ፎልደሩን ማሳየት። «ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጠቅታ» የሚሉ ፕሮግራሞች ግን ከጥቅማቸው ይልቅ ይዘውት የሚመጡት ማስታወቂያና የተሳሳተ ግምት ይበዛል።

ከማውረድ በፊት ደግሞ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ማየት ይገባል። «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚለው ቁልፍ የሚጫን ከሆነ አንድ ጠቅታ ይበቃል። ደብዝዞ ከሆነ ዊንዶውስ ለዚያ ካርድ የቀደመ ቨርዥን አላስቀመጠም። ያኔም ቢሆን «ብራውዝ ማይ ኮምፒውተር» ውስጥ «ሌት ሚ ፒክ» የሚለው ዝርዝር አንዳንዴ ሁለትና ሦስት ቨርዥን ያሳያል፤ ቀኑ የቆየውን መሞከር ነው። ድራይቨሩን ሲያስወግዱ የሚመጣው «ድራይቨሩንም አጥፋ» የሚል ምልክት ምትኩ ፍላሽ ላይ ሳይቀመጥ መነካት የለበትም። «ኔትወርክ ሪሴት» የተባለውም እንዲሁ፤ ሁሉንም አዳፕተሮች አውጥቶ እንደገና ይተክላል፣ የቪፒኤን ቅንብር አብሮ ይሄዳል። የዋይፋዩን ፓስወርድ ቀድሞ ጽፎ መያዝ ይሻላል።

የድራይቨር ችግር የሚመስሉ፣ ግን ያልሆኑ

ቪፒኤንና አንዳንድ ፀረ ቫይረስ ፕሮግራሞች በድራይቨሩና በዊንዶውሱ መካከል የራሳቸውን ማጣሪያ ይተክላሉ፤ የሚያልፈው ሁሉ በእነሱ በኩል ያልፋል። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ አሮጌ የሲስኮ ቪፒኤን የነበረባቸው ኮምፒውተሮች ካሻሻሉ በኋላ አንድም የዋይፋይ ኔትወርክ ማየት አቅቷቸው ነበር፤ ማጣሪያው ለአዲሱ ሲስተም ስላልተጻፈ። ኮድ 56 ሲታይ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው። መፍትሔው ቪፒኤኑን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ ኮምፒውተሩን እንደገና ማስነሳትና አዲሱን ቨርዥን መጫን ነው፤ መዝጋት ብቻ ማጣሪያውን አያነሳውም።

ሌላው የቻናል፣ ማለትም ራውተሩ የሚያስተላልፍበት የሞገድ መስመር ጉዳይ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተስተካከለ ካርድ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚያየው ከ1 እስከ 11 ያሉ ቻናሎችን ነው፤ በብዙ ሌሎች አገሮች 12 እና 13ም ይፈቀዳሉ። ራውተሩ በራሱ ወደ 13 ከዞረ ስልኩ ሁሉ ያየዋል፣ ከአሜሪካ የመጣው ላፕቶፕ ግን አያየውም። ድራይቨር ሲቀየር የአገር ቅንብሩ ሊለወጥ ስለሚችል ችግሩ ልክ ከአፕዴት በኋላ ሊጀምር ይችላል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ የጎረቤት ዋይፋይ ይታያል፣ የራስ አይታይም። ራውተሩን 1፣ 6 ወይም 11 ላይ ማሰር ይፈታዋል።

ጥፋቱ በእርግጥ የአፕዴቱ ሲሆን

ይህም ያጋጥማል። በዲሴምበር 2023 ለዊንዶውስ 11 የወጣ አፕዴት፣ ቁጥሩ ኬቢ5032288፣ አንዳንድ ካርዶችን ከአንዳንድ ኔትወርኮች ቆርጦ ነበር። የተጎዱት በዋናነት የዩኒቨርሲቲና የመሥሪያ ቤት ኔትወርኮች፣ ማለትም እያንዳንዱ ሰው በራሱ የተጠቃሚ ስም የሚገባባቸው ነበሩ፤ የቤት ዋይፋይ ብዙም አልተነካም። ማይክሮሶፍት ጥፋቱን አምኖ ስህተት ያለበትን ክፍል ከሩቅ የሚያጠፋ ማስተካከያ ላከ። የሚያስቀው፣ ማስተካከያው የሚደርሰው በኢንተርኔት መሆኑ ነው፤ ዋይፋይ የሌለው ኮምፒውተር በኬብል ወይም በስልክ ካልተገናኘ አይቀበለውም።

ከዚህ ጉዳይ የሚገኘው መለያ ጠቃሚ ነው። ላፕቶፑ በቤት ዋይፋይ ሠርቶ በቢሮ ብቻ እምቢ ካለ፣ ካርዱንም ድራይቨሩንም መነካካት ጊዜ ማባከን ነው። ትናንት የገባውን አፕዴት ከ«አፕዴት ሂስትሪ» ማንሳት ወይም የቢሮውን የኔትወርክ ኃላፊ ማነጋገር ይሻላል። ወደ አዲስ የዊንዶውስ ቨርዥን የተሸጋገረ ኮምፒውተር ደግሞ 10 ቀን የመመለሻ ጊዜ አለው፤ «ሲስተም» ውስጥ «ሪከቨሪ» ሥር ይገኛል። «ዊንዶውስ ኦልድ» የተባለው ፎልደር ቦታ ለማስለቀቅ ከተሰረዘ ግን ይህ በር ወዲያው ይዘጋል።

አፕዴት ይዘጋ የሚለው ክርክር

«የሚሠራን ነገር አትንካ» የሚሉት ወገኖች መነሻቸው ከንቱ አይደለም፤ ከላይ የተዘረዘረው አብዛኛው የአፕዴት ውጤት ነው። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ያደርጋሉ። የደህንነት አፕዴት ቀዳዳ ይደፍናል፤ የድራይቨር አፕዴት መሣሪያን ይነካል። ሁለተኛውን ዘግቶ የመጀመሪያውን መቀበል ይቻላል። ፕሮ በተባለው የዊንዶውስ ዓይነት፣ «ግሩፕ ፖሊሲ» በሚባለው የቅንብር መሣሪያ ውስጥ ድራይቨሮች ከአፕዴት ጋር እንዳይመጡ የሚከለክል ቅንብር አለ፤ ሆም በተባለው ዓይነት ደግሞ «ዲቫይስ ኢንስታሌሽን ሴቲንግስ» ውስጥ «ኖ» ማለት በከፊል ሊረዳ ይችላል። ይህ የሚመከረው ግን ድራይቨሩ ሠርቶ ለተረጋጋ ላፕቶፕ ነው፤ ኮድ 28 ባለበት ማሽን ላይ ከዘጉት መፍትሔውን አብሮ መዝጋት ነው።

ካርዱ አሮጌ ሆኖ በዊንዶውስ 11 ጨርሶ ካልተረጋጋ፣ በዊንዶውስ 10 መቆየትም መንገድ ነው። ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች ያዘጋጀው የተራዘመ የደህንነት አፕዴት እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. (ኦክቶበር 13 ቀን 2026) እንዲቆይ የታሰበ ነው።

ካርድ ከመግዛት በፊት

ካርዱ ሞቷል ለማለት አንድ ፈተና አለ። ኡቡንቱ ሊኑክስን (ከዊንዶውስ የተለየ ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ፍላሽ ላይ አድርጎ ሳይጭኑ ከፍላሹ ማስነሳት። እዚያ ዋይፋይ ከሠራ ካርዱ ደህና ነው፤ ጥፋቱ በሶፍትዌሩ ነው። ካልሠራ ደግሞ ፍርድ ከመስጠት በፊት ካርዱ በመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ማየት ይገባል፤ በተለይ ብሮድኮም ካርዶች ለብቻው የሚጫን ድራይቨር ስለሚፈልጉ እያሉ ላይሠሩ ይችላሉ። ሁለቱም ሲስተሞች ጨርሶ ካላዩት፣ ካርዱን አንዴ ከሶኬቱ አውጥቶ መልሶ መሰካት፤ ከዚያ ወዲያ መቀየር ነው።

በመቀየር ላይ የሚፈጸሙት ስህተቶች የታወቁ ናቸው። የኢንቴል ኤኤክስ201 እና ኤኤክስ211 ካርዶች ሥራቸውን ከፊሉን ለፕሮሰሰሩ ወገን ስለሚተዉ በኤኤምዲና በአሮጌ ኢንቴል ላይ አይሠሩም፤ ለእነዚያ ኤኤክስ200 ወይም ኤኤክስ210 ነው የሚገዛው። አንዳንድ የቆዩ የኤችፒና የሌኖቮ ሞዴሎች በባዮሳቸው ውስጥ ከተመዘገበው ውጪ ያለ ካርድ ሲያዩ አልነሳም ይላሉ። የአንቴና ሽቦዎቹ ጫፍም በአሮጌው ሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ካርድና በአዲሱ ኤም.2 ላይ መጠኑ ይለያያል፤ በግድ መጫን ሽቦውን ይሰብራል።

ርካሹ አማራጭ የዩኤስቢ አዳፕተር ነው። አንዳንዶቹ ሲሰኩ መጀመሪያ እንደ ሲዲ ሆነው ይታያሉ፣ ድራይቨሩም እዚያው ውስጥ ነው፤ ኢንተርኔት ለሌለው ኮምፒውተር መልካም ነው። ግን ሳጥኑ ላይ ያለው ስም ቺፑን አይናገርም። የቲፒ ሊንክ ደብልዩኤን722ኤን በመጀመሪያው ቨርዥን የአቴሮስ ቺፕ ነበረው፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው የሪልቴክ ሆነ፣ ስሙና መልኩ ግን ያው ነው። የአንዱ ድራይቨር ለሌላው አይሆንም። ከመግዛት በፊት መታየት ያለበት ከባርኮዱ አጠገብ በትንሹ የተጻፈው የቨርዥን ቁጥር ነው።